ደሴ ያሉትን ባዶ ቤቶች በማሽን ከመጨፍለቅ ሌላ መንገድ አለ ወይ?

የሰፈር ኮሚቴ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ፣ እኛ ሰፈር ሆጤ ሰው ከወጣባቸው ብዙ ዓመት የሆናቸው ሶስት ቤቶች አሉ፣ ሁለቱ ጭቃ ቤት አንዱ ደሞ በድንጋይ የተገነባ የድሮ መጋዘን ነው፣ ሊፈርሱ ተወስኗል እኔም ኮሚቴው ውስጥ አለሁበት። ባለፈው አንድ ቤት ሲፈርስ ስካቫተር መጥቶ በግማሽ ቀን ጥዱንም ቆርቆሮውንም አንድ ላይ ፈጨው፣ ከዛ በሲኖትራክ ወስደው ወደ ቦርከና የሚወርደው ገደል ላይ ደፉት፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጠርጎ ታች ያሉት ሰዎች ደጅ ላይ ከመረው። ያንን ድጋሚ ማየት አልፈልግም። በእጅ ነቅሎ እቃውን ማትረፍ ይቻላል? ወጪውስ?

አናጢው
ይቻላል እንጂ ወንድሜ፣ መጨረሻ የገባውን መጀመሪያ ማውጣት ነው። መብራትና ውሃ አስቆርጡ፣ ከዛ በርና መስኮት ከነመቃኑ፣ ኮርኒስ፣ ቆርቆሮ፣ የጣራው እንጨት፣ ግድግዳው መጨረሻ። ቆርቆሮውን በዲጅኖ አትፈልቅቁት ይቀደዳል፣ ሚስማሩን አንድ በአንድ በጉጠት አውጡ። የድሮ ጥድና ወይራ ምሰሶ ምስጥ ብዙም አይደፍረውም፣ አሁን ገበያ ላይ ካለው ባህር ዛፍ ጋር አይወዳደርም። ጭቃው ሲሚንቶ ካልተለሰነበት ጭድ ጨምሮ አቡክቶ መልሶ መምረግ ነው፣ ምኑ ይጣላል?

የአራዳዋ
ቀለም የተቀባውን እንጨት ግን ለምድጃ እንዳታከፋፍሉ አደራ። የድሮ ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚሉት ብረት) ሊኖርበት ይችላል፣ ጭሱም አመዱም ለህፃናት መርዝ ነው፣ እኛ ግቢ ሰዉ እየተሻማ ለእንጀራ ሲያነደው አይቻለሁ።

ከባህር ማዶ
አብሽሩ ወገኖቼ፣ እኔ የደሴ ልጅ ነኝ አሁን አሜሪካ ፖርትላንድ ነው ምኖረው። እዚህ ከተማው በነሱ አቆጣጠር በ2016 ህግ አወጣ፣ በ1916 ወይም ከዛ በፊት የተሰራ መኖሪያ ቤት በእጅ ነው ሚፈታው አለ፣ በኋላ እስከ 1940 የተሰሩትንም ጨመረ። የሚፈታውም ሰልጥኖ ማረጋገጫ ያገኘ ኮንትራክተር ነው። እንጨት ቆሻሻ ውስጥ ተቀብሮ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል የምድርን ሙቀት የሚጨምር ጋዝ ያወጣል፣ መልሰህ ከሰራህበት ግን አዲስ ዛፍ አይቆረጥም።

ኢንጂነር ከኮምቦልቻ
አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ደሴ ተዳፋት ናት፣ የኋላ ግድግዳው የላይኛውን ጎረቤት አፈር ደግፎ ይዞ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ዝም ብላችሁ ብትነቅሉት አፈሩ ከነቤቱ ይወርዳል። ባለሙያ አይቶ መደገፊያ ሳይሰራ ያንን ግድግዳና መሰረቱን አትንኩ፣ ስራውንም ከክረምት ውጪ አድርጉት፣ ሐምሌና ነሐሴ ጣራ ተነስቶ ውሃ ከገባ መሬቱ ይጠግብና ይንሸራተታል። የመጋዘኑ ድንጋይ በኖራ የተገነባ ከሆነ በመዶሻ መታ መታ ስታደርጉት ይለቃል፣ በሲሚንቶ ከሆነ ግን ብዙው ይሰበራል፣ የተሰበረውና ኮንክሪቱ ተፈጭቶ ለመንገድና ለወለል ስር ሙሌት ይሆናል እንጂ ገደል አይደፋም። የመጋዘኑ ጣራ ምንድነው?

የሰፈር ኮሚቴ
ግራጫ ሞገድ ሞገድ ያለው ነገር ነው፣ ብረት አይደለም።

ኢንጂነር ከኮምቦልቻ
እንግዲያው አስቤስቶስ (ድሮ ከሲሚንቶ ጋር ተቀላቅሎ የጣራ ክዳን ይሰራበት የነበረ ቃጫ መሳይ ማዕድን) ያለበት እንደሆነ ቁጠሩት። በመጋዝ አትቁረጡ፣ አትስበሩ፣ ከላይም አትወርውሩ፣ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። የቀን ሰራተኛ አታስወጡበት፣ መከላከያ ያለው ባለሙያ በውሃ እያረጠበ ሙሉውን ያውርደው፣ በወፍራም ፕላስቲክ ተጠቅልሎ የት እንደሚቀበር አካባቢ ጥበቃን ቀድማችሁ ጠይቁ። የጨርቅ ማስክ አያድንም።

አናጢው
ስለ ወጪው፣ በእጅ ሲሆን ሳምንታት ይፈጃል የቀን ሰራተኛውም ይበዛል፣ ግን በሩ መስኮቱ ቆርቆሮው ድንጋዩ ሲሸጥ የተወሰነውን ይመልሳል። ከመጀመራችሁ በፊት የሚወጣው እቃ የማን እንደሆነ ተቆጥሮ ውሉ ላይ ይስፈር፣ ካለዚያ ጥዱ ሌሊት ነው ሚጠፋው።

የሰፈር ኮሚቴ
አላህ ይስጣችሁ፣ ዕድሜ ይስጥልን። መጋዘኑን ከዛሬ ጀምሮ እናሽገዋለን፣ የኋላ ግድግዳውን ፎቶ አንስቼ ነገ እዚሁ አመጣዋለሁ ኢንጂነር እየው።