የአያቴ ግማሽ ጋሻ የት ጋ ነው? ቃላድ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ

የማና ልጅ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ሴት አያቴ ካረፈች በኋላ ሳጥኗን ስንከፍት የወንድ አያቴ ወረቀቶች በነጠላ ተጠቅልለው አገኘን። ሰውየው ከሸዋ በእግሩ መጥቶ መጀመሪያ ሂርማታ ገበያ ተሸካሚ ነበር፣ በኋላ የቡ የምትባለው ከተማ አካባቢ ጫካ መንጥሮ ቡና ተከለ እየተባለ ነው ያደግነው። አንዱ ወረቀት "በቃላድ የተለካ ግማሽ ጋሻ" ይልና አዋሳኝ ይዘረዝራል፣ በምስራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ የአባ ቆሮው (የአካባቢው ሹም) መሬት፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ዋርካ። በቃ። ሌላው የ1948 ዓ.ም. የግብር ደረሰኝ ነው፣ የመሬት ግብር 5 ብር፣ አስራት 15 ብር፣ የትምህርት የሚለው ላይ ቡና ፈሶበት አይነበብም (ሌላ ምን ሊፈስበት ኖሯል)። አንዱ አጎቴ 40 ሄክታር ነበረን ይላል፣ ሌላው ከ10 አይበልጥም ይላል፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸው። ልንጠይቅበት አይደለም ኧረ፣ ቦታውን አንዴ ቆሜ ማየት ነው የምፈልገው። አንድ ቢሮ ሄጄ "ይሄ የንጉሱ ዘመን ነው፣ ሙዚየም ውሰደው" ብለው ሸኙኝ።

ጡረተኛው ቀያሽ፦
ልጄ ሁለቱም አጎቶችህ ተሳስተዋል፣ አስታርቃቸው። አንድ ጋሻ በተለምዶ 40 ሄክታር ተብሎ ነው የሚታሰበው፣ ግማሹ 20 መሆኑ ነው። ግን 20ውን እንደ ዛሬ ካርታ አትየው፣ ቃላድ እኮ ገመድ ነው፣ 66 ሜትር ገደማ፣ ሰዎች ይዘውት እየሄዱ "ቃላድ ተጣለ" የሚባለው እሱ ነው። ገመድ ደግሞ እርጥብና ደረቅ ሲሆን አንድ አይደለም፣ የቡ ያለውን ዳገት ታውቀዋለህ፣ ዳገቱን ተከትለህ የለካኸው ካርታ ላይ ሲወርድ ያንሳል። የሚለካውን ሰው ማን ምሳ እንዳበላውም አትርሳ።
ይልቅ ደረሰኝህ ከዛኛው ወረቀት የበለጠ ያወራል። በ1937ቱ አዋጅ በጋሻ ለም መሬት 15 ብር ግብርና 35 ብር አስራት፣ ለም ጠፍ (መካከለኛው) 10 እና 30፣ ጠፍ 5 እና 10 ነበር። ያንተ 5 እና 15 ነው አላልክም? የለም ጠፍ ልክ ግማሽ! ስለዚህ ግማሽ ጋሻ የሚለው ትክክል ነው፣ መሬቱም ለም ተብሎ አልተመዘገበም። ቡና የሚያበቅል መሬት እንዴት ለም ጠፍ ተባለ ካልክ ሲለካ ገና ጫካ ስለነበር ይሆናል፣ ወይ አያትህ ብልጥ ነበሩ 😄

የጅሬኗ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው ግን ወንድሜ አንድ ነገር ልበልህ አትቀየመኝ። "ጫካ መንጥሮ" የሚለውን ሁላችንም ከአያቶቻችን ሰምተናል፣ ጫካው ግን የሰው ነበር፣ ቀፎ የሚሰቀልበት ከብት የሚግጥበት ነው። ጅማ እኮ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆይተው የመሃል አገር ሹም በቀጥታ የገባው በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው፣ ከዛ በኋላ ቃላድ ሲጣል ስንቱ በአባቱ ቦታ ላይ ጭሰኛ ሆነ። የእናቴ አባት አንዱ ነበር። አዋሳኝህ ላይ አባ ቆሮ ተጽፏል፣ እሱ ሹም ስለሆነ ተጻፈ፣ ውስጡ የነበሩት ግን አልተጻፉም። አያትህን መውቀሴ አይደለም፣ ተሸካሚ የነበረ ሰው ምን ያድርግ፣ ግን ስትሄድ "የአያቴ መሬት" ብለህ አትግባ።

ሚኒሶታ ነኝ፦
የጅሬኗ ያለችውን ሳነብ እዚህ ያለውን አስታወሰኝ። እዚህ አሜሪካ በ1862 እ.ኤ.አ. በወጣ ህግ 160 ኤከር ማለትም 65 ሄክታር አካባቢ ለሰው ይሰጥ ነበር፣ 5 ዓመት ኖረህበት አልምተህ ካሳየህ ያንተ ነው፣ እሱም ባዶ መሬት ይባል ነበር፣ ነባሮቹን አስለቅቀው ማለት ነው። ልዩነቱ ልኬቱ ላይ ነው፣ እነሱ ከ1785 ጀምሮ 66 ጫማ በሆነ ሰንሰለት አገሩን በ6 ማይል አራት ማዕዘን ከፋፍለው፣ እያንዳንዱን ደግሞ 36 ቦታ ቆርጠው ቁጥር ሰጥተውታል። የስራ ባልደረባዬ የቅድመ አያቱን ቦታ ቁጥሩን አስገብቶ በአስር ደቂቃ አገኘው። የኛ ወንዝና ዋርካ ነው፣ ዋርካው ከተቆረጠ አለቀ።

ጡረተኛው ቀያሽ፦
አላለቀም። ከ1955 በኋላ ባሉት ዓመታት ከአሜሪካኖች ጋር ካርታ ሲሰራ የተነሳ የአየር ፎቶ አለ፣ አዲስ አበባ ካርታ ስራዎች ይባል የነበረው ጋ ጠይቅ፣ ትልቅ ዋርካ በፎቶው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ወንዙና አሮጌው መንገድ ከተገኙ ደግሞ ምስራቅና ሰሜንህን ያዝክ ማለት ነው። ከዛ በፊት ግን ሽማግሌ ጠይቅ፣ በ1967 መሬት ለአራሹ ሲሆን ማን ምን እንደደረሰው ልጆቹ ያውቃሉ።

የማና ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የጅሬኗ አልተቀየምኩም፣ አንድ ሁለት ቀን ግን አሳስቦኛል። ቅዳሜ ከትንሹ አጎቴ ጋር የቡ ሄድን። ዋርካው የለም፣ ግን ሰፈሩን እስካሁን "ቂልጡ" ነው የሚሉት፣ ኦሮምኛ ለሚችል ግልጽ ነው፣ ዋርካ ማለት ነው፣ እኔ ስሰማው ያደግኩት ስም መሆኑ! ቦታውን አሁን ስምንት ቤተሰብ ይዞታል፣ ሁሉም የይዞታ ደብተር አላቸው። አንድ አዛውንት ወረቀቱን አንብቡልኝ አሉኝና አባ ቆሮው ጋ ስደርስ አስቆሙኝ፣ "ከዚህ ቀጥሎ የአባቴ ስም አለ?" አሉ። የለም አልኳቸው። ቡና ተፈልቶ ጠጣን፣ አጎቴ ሙሉ ቀን ዝም ብሎ ነው የዋለው።
የደረሰኙን ፎቶ ማታ እለጥፋለሁ፣ የትምህርቱን ብር ማንበብ የሚችል ካለ።