«አምስት ደቂቃ ይበቃል» ለሚሉን፦ ልጆችና የሞባይል ጌም

እንዝርት፦ ዋርካ ትናንት እዚሁ «ልጅን የሚጎዳው ጌሙ ሳይሆን አምስት ደቂቃ ወስዶ ስልኩን የማያስተካክል ወላጅ ነው» ብሎ ጽፏል። በጣም አናዶኛል። በአምስት ደቂቃ የሚያልቀው ምኑ ነው? ግዢው? ቻቱ? የልደት ዓመቱ? እስቲ ቁጠርልን።

ዋርካ፦ እቆጥራለሁ። አንድሮይድ ከሆነ ፕሌይ ስቶርን ክፈት፣ የፕሮፋይል ምስሉን ንካ፣ ሴቲንግ ግባ፣ የግዢ ማረጋገጫውን «ለሁሉም ግዢ» አድርገው። «በየ30 ደቂቃው» የሚለው ላይ እንዳትተወው፤ አንዴ ፓስወርድ ከገባ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በሩ ክፍት ነው። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ፣ ስክሪን ታይም፣ የይዘትና የግላዊነት ገደብ፤ እዚያ የአፕ ውስጥ ግዢን ከልክል። አለቀ። ይህን ያላደረገ ወላጅ ኩባንያ ላይ መጮህ የለበትም።

ጠል፦ «አለቀ» ያልከው ገና ሲጀመር ነው። የስክሪን ታይም ኮዱ ከስልኩ መክፈቻ ጋር አንድ ከሆነ ምንም አልከለከልክም፤ መክፈቻውን ልጁ ያውቀዋል። ልጁ የሚጫወተው በወላጁ ስልክ ከሆነ ደግሞ የልጁ አሻራ ስልኩ ላይ ተመዝግቦ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ ግዢ በአሻራ የሚጸድቅ ከሆነ ጣቱን ማሳረፍ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። በፋሚሊ ሊንክ፣ ማለትም በጉግል የወላጅ መቆጣጠሪያ አፕ፣ የሚሰጠው የግዢ ፈቃድም የሚሠራው በጉግል ፕሌይ መክፈያ በኩል ለሚያልፈው ብቻ ነው። ልጁ በብራውዘር የጌሙ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ እዚያ በተቀመጠ ካርድ ከከፈለ ለወላጁ ጥያቄ አይመጣለትም። ስለዚህ የካርድ ቁጥሩን ከብራውዘሩ ማጥፋትም አለ።

ዋርካ፦ እሺ፣ አሥር ደቂቃ ይሁን። ነጥቤ አልተነካም። ቁልፉ ያለው በወላጅ እጅ ነው።

ማዕዘን፦ ቁልፉ ወላጅ እጅ የገባው በክስ ነው ወንድሜ! አፕል እ.ኤ.አ. በ2014 ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ የተስማማው ፓስወርድ አንዴ ከገባ በኋላ ለ15 ደቂቃ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ መግዛት እንደሚቻል ለወላጆች አልተነገራቸውም ተብሎ ነው። ጉግልም በዚያው ዓመት ቢያንስ 19 ሚሊዮን ለመመለስ ተስማማ። በ2022 ደግሞ የፎርትናይት ጌም ባለቤት ኤፒክ ጌምስ 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ 275ቱ የልጆችን ግላዊነት ሕግ ጥሰሃል ተብሎ፣ 245ቱ ተጫዋቾችን አሳስተህ አስከፍለሃል ተብሎ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ካቀረባቸው ነጥቦች አንዱ የድምፅና የጽሑፍ ቻቱ ለልጆችም ሳይቀር ከመነሻው ክፍት ነበር የሚል ነው። ከፍተው የሚሰጡህን እየዞርክ የምትዘጋው አንተ ነህ፤ አምስት ደቂቃህን የሚበላውም ይኸው ነው።

ሰምበሌጥ፦ በወላጅም በኩባንያም ከመጨቃጨቅ ሕግ ይውጣ። ቻይና በ2021 ከ18 ዓመት በታች ላሉት የኦንላይን ጌም ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ቀን ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ብላ ወስናለች።

እንዝርት፦ ደቡብ ኮሪያም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ለሆኑት ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ዘግታ ነበር። ሕጉ የኮምፒውተር ጌም ላይ ሲያተኩር ልጆቹ ወደ ሞባይል ሄዱ፤ በ2022 መጀመሪያ ላይ ቀረ። ቻይናም ውስጥ በአዋቂ አካውንት የሚገቡ ልጆች ስለበዙ ኩባንያዎቹ የተጫዋቹን ፊት በካሜራ ወደ መለየት ገብተዋል።

ሰምበሌጥ፦ አጥር የሚዘል አለ ተብሎ አጥር አይፈርስም።

ጠል፦ ሰዓቱን ተዉት። 20 ደቂቃ ብቻ የተጫወተ ልጅም በ20ው ደቂቃ ከማያውቀው ሰው ጋር ሊያወራ ይችላል። ያ ሰው መጀመሪያ የጌም ሳንቲም ወይም ልብስ በነፃ ይሰጣል፤ ቀጥሎ «እዚህ ቻቱ ይቆራረጣል፣ በሌላ አፕ እናውራ» ይላል፤ ከዚያ ፎቶ ይጠይቃል። ልጅ ሊማረው የሚገባው ምልክት ሁለተኛው ነው፤ ከጌሙ ወጥተን እናውራ ካለ ሰው ጋር ወሬው እዚያው ይቆማል። በአይፎኑ ስክሪን ታይም የጌም ሴንተርን፣ የአፕልን የራሱን የጌም አገልግሎት፣ መልእክትና ጓደኛ መጨመር መዝጋት ይቻላል፣ ግን የጌሙን የራሱን ቻት አይነካም። እሱ የሚዘጋው እያንዳንዱ ጌም ውስጥ ተገብቶ ነው፤ አምስት ጌም ካለ አምስት ጊዜ።

ዋርካ፦ የዕድሜ ምልክቱን እያዩ ማውረድ ነዋ! 7 የተባለውን ለ7 ዓመት ልጅ።

ማዕዘን፦ ቁጥሩ የሚናገረው ጌሙ ውስጥ ስለተሠራው ነገር ነው፤ ተጫዋቾች እርስ በርስ የሚናገሩትን አይመዝንም። ከቁጥሩ በታች በትንሹ የሚጻፈውን እይ፦ ተጫዋቾች ይገናኛሉ፣ ግዢ አለው፣ በዕድል የሚወጣ ዕቃ አለው። ይህ የመጨረሻው ቀላል እንዳይመስልህ። በገንዘብ የሚገዛውን የዕድል ሣጥን ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2018 ቁማር ነው ብላዋለች።

ዋርካ፦ እንግዲያው የልጁን ቻት ወላጅ ያንብብ።

እንዝርት፦ በድብቅ ከሆነ አልስማማም። የ8 ዓመት ልጅ ከሆነ አብሮ ተቀምጦ ማንበብ ጥሩ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ግን እንደተሰለለ ያወቀ ዕለት ሌላ አካውንት ይከፍታል፣ ያኛውን ደግሞ አታገኘውም።

ዋርካ፦ ስለላ አይባልም፣ አባትነት ነው። ችግር ከተገኘ ስልኩን መንጠቅ።

ጠል፦ መንጠቅ ከሁሉም የከፋው ነው! ልጁ ደፍሮ ሲነግርህ ስልኩን ከነጠቅኸው ሁለተኛ አይነግርህም፤ እነዚያ ሰዎች ደግሞ «ከተናገርህ ይቀሙሃል» እያሉ ነው ዝም የሚያሰኙት። ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። መጀመሪያ የሰውየው የጌም ስም፣ ቀኑና ጽሑፉ የሚታይበት ስክሪንሾት ይነሣ፤ ቀጥሎ በጌሙ ውስጥ ሪፖርት ይደረግ፤ ብሎክ በመጨረሻ። አንዳንድ ጌም ላይ ብሎክ ካደረግህ ቻቱ ስለሚጠፋ ማስረጃው አብሮ ይሄዳል። ፎቶ ተልኮ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳይጠፋ ለፖሊስ።

ማዕዘን፦ «ነፃ ሳንቲም» የሚል ሊንክም ይታሰብበት። የጌሙን ስምና ፓስወርድ አስገቡ ይላል፣ ካስገቡ አካውንቱ ተወሰደ። አለዚያ ኤፒኬ፣ ከስቶር ውጭ የሚጫን የአፕ ፋይል፣ ያስወርዳል። አካውንቱን በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ በሚጠይቀው) መቆለፍና ከስቶር ውጭ መጫንን መከልከል ይረዳል።

ዋርካ፦ ይህን ሁሉ ስትቆጥሩ ግማሹን እኔው ያልኩት ነው። የልደት ዓመቱንማ ማስተካከል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እንዝርት፦ እሱ ነው እኮ የማይስተካከለው! ልጁ ሲመዘገብ 18 ነኝ ካለ ጌሙ እንደ አዋቂ ቆጥሮ ቻቱንም ማስታወቂያውንም ይከፍትለታል። ብዙ ጌሞች ደግሞ አንዴ የገባውን ዓመት እንደ ልብ አያስቀይሩም፤ አካውንቱ ተዘግቶ ሌላ መክፈት ነው፣ የተሰበሰበው ዕቃ ሁሉ እዚያው ይቀራል። አንድ ዓመት ሙሉ የሰበሰበውን ጣለው ተብሎ ልጅን ማግባባት ስንት ደቂቃ ይፈጃል ዋርካ?

ዋርካ፦ መጀመሪያውኑ ሲመዘገብ አብሮት የተቀመጠ ወላጅ እዚያ አይደርስም ነው የምለው።

ጠል፦ ልጁ ሲመዘገብ ዓመቱን የሚያምነው ጌሙ ነው፣ አንተ ግን አሁንም ወላጁን ነው የምትከሰው።