ባቤ ሐይቅ የሄዳችሁ ካላችሁ ድረሱልኝ

ሰላም ጓዶች። ሃኖይ ነኝ፣ የቀሩኝ ሦስት ቀን ብቻ ናቸው፣ ግራ ገብቶኛል። ሰሜን ቬትናም ውስጥ ያለውን ባቤ ብሔራዊ ፓርክ ሳላይ መመለስ አልፈልግም። ስሙ «ሦስት ሐይቆች» ማለት ነው አሉ፣ ምክንያቱም በኖራ ድንጋይ ተራሮች መሀል ሦስቱ ተያይዘው አንድ ረጅም ሐይቅ ሆነዋል።

ችግሬ ምን መሰላችሁ? ያናገርኩት አስጎብኚ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ እንወስድሃለን ይላል። መንገዱ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መጨረሻው ደግሞ ጠመዝማዛ ተራራ (እኔ መኪና ውስጥ የሚያስመልሰኝ ሰው ነኝ)። ታዲያ ሐይቁን መቼ ላየው ነው?

እኔ ያሰብኩት በአውቶቡስ ሄጄ ፓክ ንጎይ ማደር ነው። ሐይቁ ዳር ያለች የታይ ብሔረሰብ መንደር ነች፤ ታይላንድ እንዳይመስላችሁ፣ ሌላ ሕዝብ ናቸው። ቤታቸው በእንጨት ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፣ እንግዳም ያሳድራሉ። በማግስቱ በጀልባ ናንግ ወንዝ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበትን ፑኦንግ ዋሻ አይቼ እመለሳለሁ።

ብቻዬን ስለሆንኩ ጀልባውን ሙሉ ከፍዬ መያዝ ይከብደኛል። እዚያው ስደርስ የሚጋራኝ ሰው አገኛለሁ ወይስ ከዚሁ ልፈልግ? ደግሞ ከሐይቁ ራቅ ብለው ከፍታው ላይ ወዳሉት የህሞንግና የዳኦ ብሔረሰቦች መንደሮች ያለ አስጎብኚ መግባት ነውር ይሆን? ቋንቋቸውን አልችል፣ ሰው ግቢ ዘው ብዬ ካሜራ መደገን ደግሞ ያሳፍረኛል።

የሄደ ሰው ካለ ዛሬ ማታውኑ ይንገረኝ፣ ትኬት አልቆረጥኩም።