ማመልከቻዬን ማሽን ጣለው፤ ዓለም አቀፍ የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሕግ አለ ወይ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ላለ ድርጅት ከርቀት የሚሠራ ሥራ አመለከትኩ። ቃለ መጠይቁ ላይ ሰው የለም። ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ይመጣል፣ ሰዓቱ ወደ ታች ይቆጥራል፣ ካሜራውን እያየሁ እመልሳለሁ። በማግስቱ «አልተመረጡም» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ፤ ምክንያት የለውም። እኔ ያለሁት ከኅብረቱ ውጭ ነው፤ ፕሮግራሙን የሠራው ኩባንያ ደግሞ ሌላ አገር ነው። ፊቴን እያነበበ ነጥብ ሰጥቶኝ ይሆን? ለማን ነው አቤት የሚባለው?

መልስ 1
እኔ የምሠራው የግል መረጃ ጥበቃ ላይ ነው። እህቴ፣ ሁሉንም አገር የሚያስገድድ የኤአይ ሕግ የለም። በ2021 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ 193 አባል አገሮች የኤአይ ሥነ ምግባር ምክረ ሐሳብ ተቀብለዋል፤ ግን ምክረ ሐሳብ ነው፣ የሚቀጣ የለም።

ያንቺ ጉዳይ ግን ባዶ ሜዳ ላይ አልወደቀም። የአውሮፓ ኅብረት የኤአይ ሕግ ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ በሥራ ቦታ የሰውን ስሜት ከፊቱ የሚያነብ ሥርዓትን ከልክሏል። የኅብረቱ ኮሚሽን ባወጣው ማብራሪያ መሠረት ቅጥርም እዚህ ውስጥ ይገባል። ቅጣቱ እስከ 35 ሚሊዮን ዩሮ ወይም የኩባንያውን ዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ 7 በመቶ ይደርሳል፤ የሚበልጠው ይወሰዳል። ፕሮግራሙ ሌላ አገር መሠራቱ አያድነውም።

መልስ 2
ታዲያ ለኒውክሌር በ1957 ዓለም አቀፍ ተቆጣጣሪ ኤጀንሲ ተቋቁሞ የለ? ለኤአይ ምን ከለከለ?

መልስ 1
ጥሩ ጥያቄ ነው። ዩራኒየም ይመዘናል፣ መጋዘን አለው፣ ተቆጣጣሪ ሄዶ ያየዋል። የኤአይ ሞዴል ግን ፋይል ነው፤ አንዴ ከወጣ በደቂቃዎች ይገለበጣል። ደግሞም ኃያላኑ አይስማሙም። በ2025 የፓሪሱ የኤአይ ጉባኤ መግለጫ ላይ አሜሪካና ብሪታኒያ አልፈረሙም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት አማካሪ አካል በ2024 ከድርጅቱ ውጭ የተደረጉ ሰባት ዋና ዋና ዓለም አቀፍ የኤአይ ስምምነቶችንና ውጥኖችን ቆጥሮ ነበር። 118 አገሮች በአንዳቸውም ውስጥ አልነበሩም። ማሽኑ የእነዚህን አገሮች ሰዎች ይመዝናል፣ ሕጉ ሲጻፍ ግን ወንበር የላቸውም። ይሄ ሊቀጥል አይገባም! በ2025 ጠቅላላ ጉባኤው ሁሉም አገር የሚቀመጥበት የውይይት መድረክና 40 አባላት ያሉት የሳይንስ ፓነል አቋቁሟል። የማስገደድ ሥልጣን የላቸውም፣ ቢሆንም ጅምር ነው።

ጠያቂዋ
አመሰግናለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ 1
ለቀጣሪው ድርጅት ጻፊ፤ የፕሮግራሙን ባለቤት ለጊዜው ተዪው። ቀጣሪው ኅብረቱ ውስጥ ስለሆነ፣ አንቺ የትም ብትኖሪ የኅብረቱ የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ (ጂዲፒአር) ይመለከተዋል። የደንቡን አንቀጽ 15 ጠቅሰሽ ስለ አንቺ የያዙትን መረጃ፣ ቪዲዮሽንና ነጥብሽን ጨምሮ ጠይቂ። በዚሁ አንቀጽ ውሳኔውን ያሳለፈው ማሽን ብቻውን መሆን አለመሆኑን እንዲነግሩሽ ጠይቂ፤ አንቀጽ 22ን ጠቅሰሽ ደግሞ ሰው እንደገና እንዲያየው ጠይቂ። በመርህ ደረጃ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለባቸው። ዝም ካሉሽ ለዚያው አገር የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን አቤት በዪ፤ ክፍያ የለውም።