የዋልያስ ካሴቴ ተበጠሰ፤ ንጹሑ ቅጂ ደግሞ አልጥም አለኝ

ባለመቀሱ (አራዳ፣ ጎንደር)

ሰላም ለዚህ ቤት። አራዳ ላይ ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ። ከአባቴ የወረስኳት ናት። ከእሷ ጋር አንድ ካሴት ወርሻለሁ፤ የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው»። ሸክላው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። አባቴ ከጎረቤት ሸክላ ማጫወቻ በቴፑ የቀዳው እኔ ሳልወለድ ነው። ጠዋት ስከፍት እሱ ነው፣ ማታ ስዘጋ እሱ ነው። አዲስ ደንበኛ ሁሌ «ዘፋኙ የታለ?» ይለኛል። ብዙው ሙዚቃ ብቻ መሆኑን ሳስረዳ ፀጉሩ ያልቃል።

የዘንድሮ ከተራ ጠዋት ሰው መቀመጫ ጠፍቶ ደጅ ድረስ ቆሟል። ለጥምቀት ሊያምር ያልመጣ የለም። አንዱን ጎረምሳ በቶንዶስ ግማሽ ጭንቅላቱን እንዳደረስኩ ቴፑ ዝም አለ። ስከፍተው ክሩ ጎማው ላይ ተጠምጥሟል። በጥፍሬ ሳብ ሳደርገው ተበጠሰ። ልጁን በግማሽ ጭንቅላቱ ትቼው ምን ያህል እንደቆምኩ እንጃ። እሱ ነው «ጋሼ፣ ደህና ነህ?» ያለኝ።

የእህቴ ልጅ ሊያጽናናኝ ብሎ በፍላሽ አመጣልኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ውጭ አገር እንደገና የታተመውን። ጥርት ያለ ነው፣ አልዋሽም። ባሱ እንዲህ መሆኑን ገና አሁን ሰማሁ። ግን አንድ ነገር ጎደለው። ሦስተኛው፣ «ሙዚቃዊ ስልት»፣ በእኔ ካሴት ላይ ወደ መጨረሻው ይፈጥናል። ቀስ በቀስ እየገፋ ሄዶ ይሮጣል። አባቴ እዚያ ሲደርስ መቀሱን አብሮ ያፈጥን ነበር። የቆዩ ደንበኞች ስለሚያውቁት ጆሯቸውን ይይዛሉ። እኔም እጄ ለምዶታል። የፍላሹ ግን በገባበት ይወጣል! መቀሴን አንስቼ ስጠብቅ አለቀ።

እና ካሴቱ ይቀጠላል ወይ? ደግሞስ ሁለት ዓይነት ቀረጻ አለ እንዴ? ወይስ ፈረንጆቹ ናቸው «ያስተካከሉት»?

ቴፕ ጠጋኙ (አዘዞ)

ይቀጠላል፣ አይዞህ። የባሰ አይቻለሁ።

የ90 ደቂቃው ክር ከ60ው ይሳሳል፤ ለዚህ ነው ቶሎ የሚበጠሰው። አደራህን በተራ ፕላስተር እንዳትነካው። ሙጫው ሲሞቅ ይወጣና ሄዱ (ክሩን የሚያነበው ብረት) ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ሁለተኛ ይበላብሃል። ለካሴት ተብሎ የተሠራ መቀጠያ አለኝ። ሁለቱ ጫፍ ሰያፍ ይቆረጣል፣ ሳይደራረብ ይገጠማል፣ በጀርባው በኩል ይለጠፋል። ቀፎው ብሎን ካለው ቀላል ነው። በሙጫ የታሸገ ከሆነ ሰብረን ሌላ ቀፎ ውስጥ እናዛውረዋለን። በቢክ እስክሪብቶ ማጠንጠኑን ለጊዜው ተወው።

ቴፑንም ይዘህ ና። ክር የሚበላው ጎማው ሲደርቅ ነው፣ ቺንጋውም ሳይላላ አይቀርም። እስከዚያው ለምላጭ የምትጠቀምበትን አልኮል በጥጥ አድርገህ ሄዱንና ጎማውን ጥረግ። የሚወጣውን ቡናማ ቆሻሻ ስታይ ትደነግጣለህ።

ስለ ሁለተኛው አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሲፈጥን ድምፁም አብሮ ይቀጥናል? ደግሞስ አባትህ ሲቀዳ ቴፑ በመብራት ነበር ወይስ በባትሪ ድንጋይ?

የሮሃ ልጅ

ለዋልያስ ይህን ያህል ሐዘን? ይቅርታ አድርግልኝና እኔ ቤት ሕጉ ሌላ ነው። አይቤክስ ባንድ፣ በኋላ ሮሃ የተባለው። የሰላም ስዩም ጊታር፣ የጆቫኒ ሪኮ ባስ፣ አለቀ። መሐሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ላይ ያጀቡት እኮ እነሱ ናቸው። ዋልያስ ተቀምጠው የሚሰሙት ነው፣ ሮሃ ያስነሳል።

ደግነቱ ሁለቱም የኛ ናቸው። ዋልያም ሆነ አይቤክስ ያው ስሙ ከፍየሉ ነው፤ ዋልያ ደግሞ ከሰሜን ተራራ ውጭ የትም የለም። አዲስ አበቤ ስሙን ከኛ ወስዶ ጨፈረበት።

ማራኪ 22

ጋሼ ባለመቀሱ፣ እኔ «ዘፋኙ የታለ» ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ዶርም ውስጥ ጓደኛዬ ሲያጠና ይከፍተዋል። ሁለት ሳምንት ተጣላን። በሦስተኛው እኔው መክፈት ጀመርኩ።

ታሪካቸውን ሳነብ ነው የባሰብኝ። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄደው ዞረው ተጫወቱ። ከዚያ ግማሹ እዚያው ቀረ። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላኬ ገብሬ። ባንዱ በዚያው ተበተነ ማለት ይቻላል። ኃይሉ በ1985 ብቻውን «ሸሞንሟናዬ»ን ሠራ፤ አኮርዲዮንና ኪቦርድ ነው። ከዚያ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። የሚሰማው ተሳፋሪ የለ፣ ማንም የለ።

ያንን ካሴት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የት ቢያገኘው ጥሩ ነው? ባህር ዳር! ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፣ ሰውየው ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ»ን አወጣ። እኔን የሚቆጨኝ ግን ባህር ዳሩ ነው። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢታገሥ ኖሮ ጎንደር ገብቶ ፀጉሩን ተቆርጦ ያንተን ይሰማ ነበር።

እማማ ዝናብ

ልጆቼ፣ እኔ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ሠራተኛ ነበርኩ። ዋልያስ ሂልተን ይጫወቱ ነበር። የኛ ደሞዝ ለሂልተን አይሆንም፤ አንድ ቀን የቢሮ ጓደኛዬ እህት ሠርጓን ምክንያት አድርጋ ጋበዘችን። ሰዓት እላፊ ነበር። ከገባህ እስኪነጋ መውጣት የለም። እነሱም እስኪነጋ ይጫወታሉ፣ ምን ያድርጉ? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጫማዬን አውልቄ ጠረጴዛ ሥር ደበቅኩ። ጠዋት በእግሬ ነው ቤቴ የገባሁት፤ አንዱ ጫማ ጠፍቶ።

ግጥም ሁሉ ሳንሱር ያልፍ በነበረበት ዘመን ቃል የሌለው ሙዚቃ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ለእናንተ ማስረዳት ይከብደኛል። ሁሉም የፈለገውን ቃል በሆዱ ይጨምርበታል። የሮሃ ልጅ፣ «ተቀምጠው የሚሰሙት» ያልከውን ግን አልተቀበልኩም። ጫማዬን መልስልኝ።

ባለመቀሱ

እማማ ዝናብ፣ ሳቄ አላስቆርጥ ብሎኝ አንድ ደንበኛ አስቀየምኩ።

ወንድሜ ጠጋኙ፣ ድምፁ ይቀጥናል። በደንብ ይቀጥናል፣ ሳክስፎኑ እንደ ወፍ ይሆናል። ስለ ድንጋዩ እናቴን ጠየቅኳት። ወዲያው ነው የመለሰችው። ጎረቤታችን ቤት የነበረው የመብራት ሶኬት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ሸክላ ማጫወቻው ያዘ። አባትህ ቴፑን በድንጋይ አደረገ፣ ድንጋዩንም ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አስጥቶት ነበር አለችኝ። መሀል ላይ ሲያልቅበት ሮጦ ሱቅ ሄዶ አዲስ ገዝቷል። አራተኛው ዘፈን መጀመሪያው ተቆርጦ የሚገባው ለካ ለዚህ ነው!

ግን ድንጋይ ሲያልቅ ድምፅ ይጎትታል እንጂ እንዴት ይፈጥናል?

ቴፕ ጠጋኙ (አዘዞ)

የሚጎትተው ስታጫውት ካለቀ ነው። አባትህ ያለቀበት ሲቀዳ ነው፤ ነገሩ ይገለበጣል። ድንጋዩ ሲደክም ሞተሩ ቀስ አለ፣ ክሩም እየተንፏቀቀ ቀዳ። በኋላ በደህና ድንጋይ ስታጫውተው ክሩ በተለመደው ፍጥነቱ፣ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር፣ ይሮጣል። በዝግታ የገባው ሁሉ ፈጥኖና ቀጥኖ ይወጣል። ዋልያሶች አልፈጠኑም፣ ፈረንጆቹም አልነኩት። የአባትህ ፀሐይ ላይ የዋለ ድንጋይ ነው።

ከቀጠልኩልህ በኋላ ኮምፒውተር ላይ አስገባዋለሁ። ያችን ቦታም ወደ ትክክለኛው ፍጥነት መመለስ ይቻላል፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ባለመቀሱ

እንዳትነካት! ቀጥለው፣ አጽዳው፣ የፈለግከውን አድርግ፤ ያቺን ቦታ ግን እንዳለች ተውልኝ። አባቴ ሃያ ስምንት ዓመት መቀስ ያፈጠነበትን ድንጋይ ነው ብዬ ልተወው? ዛሬ ነገሩን ለአንድ የድሮ ደንበኛ ነገርኩት። «ታዲያ ጆሮዬን የምይዘው ለባትሪ ነበር?» አለኝ።

ቅዳሜ አይመቸኝም፣ ገበያ ነው። ሰኞ ከሰዓት ካሴቱንም ቴፑንም ይዤ አዘዞ እመጣለሁ። ዋጋውን እንነጋገራለን፤ ፀጉርህን ግን ዕድሜ ልክህን በነፃ እቆርጥሃለሁ።

ቴፕ ጠጋኙ (አዘዞ)

ሰኞ አለሁ። ራሰ በራ ነኝ፣ ጺሜን ትላጨኛለህ።