እንቁጣጣሽ ዳቦ ሳይቆረስ ዘመን መቁጠር፤ የሚያውቅ ያስተምረኝ

የቢቸናዋ፦

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ፍልሰታን በሰላም አስፈትቶናል፣ ተመስገን። የምጠይቃችሁ ነገር ትንሽ ረዘም ይላል፤ እባካችሁ ታገሡኝ።

የተወለድኩት ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። አባቴ በልጅነቱ አኮፋዳ ተሸክሞ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲማር ቆይቶ፣ አያቴ ሲታመሙ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ እርሻው የተመለሰ ሰው ነበር። ቅስና አልተቀበለም። ከትምህርቱ ግን ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ቆጠራ፣ ይዞ ቤት ገባ፤ አያቴም ያውቁት ስለነበር ሁለቱ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር አብረው ይቆጥሩ ነበር ይባላል። እኛ ስንደርስ አያታችን የሉም፤ አባቴ እኛን ማስቆጠር ጀመረ።

እንዲህ ነው። እናቴ ዳቦውን በዋዜማው በኮባ ጠቅልላ፣ ከታችም ከላይም እሳት አድርጋ ትጋግረዋለች። ጠዋት ኮባው ሲገለጥ የቅጠሉ ጅማት ዳቦው ጀርባ ላይ መስመር በመስመር ታትሞ ይወጣል። እኛ ልጆች ኮባው ላይ ተጣብቆ የቀረውን ቅርፊት ለመፋቅ እንሻማለን። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው እየተቆላ ነው፣ ሆዳችን ይጮሃል። አባቴ ግን ቢላዋውን አያነሣም። «ሰፌድ አምጡ» ይላል።

ሰፌዱ ላይ ሽንብራ ያፈስና ረድፍ በረድፍ ይደረድራል፤ እያንዳንዱ ረድፍ 19 ፍሬ ነው። ስንት ረድፍ እንደሚሆን እሱ ያውቃል፣ እኛ አናውቅም። ከዚያ «ግደፉ» ይለናል። ሠላሳ ሠላሳ እየቆጠርን ወደ ጎን እናወጣለን። በመጨረሻ ሠላሳ የማይሞላ ጥቂት ፍሬ ይቀራል። «መጥቅዑ ይኸ ነው» ብሎ (መጥቅዕ የዓመቱ ጾምና በዓል የሚቆጠርበት መነሻ ቁጥር ነው) ከሁላችን ታናሽ የሆነውን ልጅ መዳፍ ውስጥ ያስጨብጠዋል። ዳቦው እስኪቆረስ ድረስ ያ ልጅ እጁን አይከፍትም። አባቴ በዚያ ቁጥር ላይ ሌላ ነገር ይጨምርና ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ሁዳዴ መቼ እንደሚያዝ፣ ፋሲካ በስንት እንደሚውል ይነግረናል። ይኸ ሁሉ ሲያልቅ ተነሥቶ በስመ አብ ብሎ ዳቦው ላይ በቢላዋው መስቀል ይሠራል፤ ከዘመን ዘመን ያሸጋግረን ይላል፤ ከዚያ ይቆርሳል።

አንድ ዓመት መጥቅዑ እኔ እጅ ላይ ነበር። ሰባት ዓመቴ ይሆናል። ርቦኝ አንዷን ፍሬ ቆረጠምኳት። አባቴ እጄን ከፍቶ ቆጠረና አበቅቴውን፣ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት ከሚበልጥበት የሚወጣውን ቁጥር፣ ደመረበት፤ 29 መጣ። ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣኝም። ከክምሩ አንዲት ፍሬ አንሥቶ መዳፌ ላይ አኖረና «አበቅቴና መጥቅዕ አብረው 30 ካልሞሉ የጎደለ ነገር አለ» አለኝ። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ከዚያ ሁሉ ቁጥር አሁን የማስታውሰው እሷን ብቻ ነው።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ሙት ዓመቱን አውጥተናል። አምና እንቁጣጣሽን እናቴ ዘንድ ሄደን ዳቦው ዝም ብሎ ተቆረሰ፤ ሰፌዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፣ ሁላችንም አይተነዋል፣ ማንም አላነሣውም። ቆጠራውን በደንብ የተማረው ታላቅ ወንድሜ አሁን ያለው በስደት ነው፤ ስጠይቀው ግማሹ ጠፍቶብኛል አለኝ። አንድ የማውቃቸውን አባት ስጠይቅ ደግሞ «የግድግዳ ካላንደር ላይ ሁሉም ተጽፎልሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ተጽፏል። እኔ ግን ልጆቼ ሠላሳ ሠላሳ ሲገድፉ ነው ማየት የምፈልገው።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቆጠራው ከየት ይጀምራል? የረድፉ ቁጥር ከምን ይገኛል፣ ከመጥቅዑስ ወደ ነነዌ እንዴት ይኬዳል? ሁለተኛው፣ በእኛ ቤት ሰፌዱም ቢላዋውም የአባወራ ነበር። ሴት ብትቆጥር ነውር አለው? እናቴን ስጠይቃት «የወንድምሽ ሥራ ነው» ብላ ዝም አለች። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እንቁጣጣሽ ደግሞ ደርሷል።

ዘዋሸራ፦

እኅቴ፣ ነፍስ ይማር። አባትሽ ያስተማሯችሁ የቅዱስ ድሜጥሮስን ቀመር ነው። በመጪው 2019 ዓ.ም. ላሳይሽ፤ ሽንብራሽን አዘጋጂ።

በ2019 ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን 5500 ዓመተ ፍዳ ጨምሪ፤ 7519 ዓመተ ዓለም ይሆናል። መጀመሪያ ወንጌላዊውን አውጪ፦ 7519 በ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 3 ይተርፋል። 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ ነው፤ ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ። ስለዚህ የሚገባው ዘመነ ሉቃስ ነው፤ በመጨረሻውም ጳጉሜን 6 ትሆናለች።

ዕለቱን ደግሞ እንዲህ ታገኚዋለሽ። 7519 እና 1879 ሲደመር 9398 ነው። በ7 ግደፊው፣ 4 ይቀራል። ማክሰኞን አንድ ብለሽ ቁጠሪ፦ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። መስከረም 1 ዓርብ ይውላል።

አሁን ወደ ረድፉ። 7519ን በ19 ግደፊ፣ 14 ይቀራል። የያዝነው ዘመን ገና ስላልተፈጸመ አንዱን ታጎድያለሽ፤ 13 ይሆናል። ወንበር የሚባለው ይኸ ነው፤ አባትሽ የሚያውቁት የረድፍ ቁጥርም እሱ ነው። 13 ረድፍ በ19 ደርድሪ፣ 247 ፍሬ ይወጣል። ሠላሳ ሠላሳውን ስምንት ጊዜ ስታወጪ 7 ይቀራል፤ መጥቅዕ 7። አበቅቴውን ለማግኘት ያንኑ 13 ረድፍ በ11 ደርድሪ፦ 143፣ አራት ሠላሳ ሲወጣ 23 ይቀራል። 23 እና 7 ስንት ነው? አባትሽ እንዳሉት 30።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል፣ ካነሰ በጥቅምት። በ2019 መጥቅዕ 7 ስለሆነ ጥቅምት 7 ነው። መስከረም 1 ዓርብ ከሆነ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ነው። ለየዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር ተውሳክ ይባላል፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው፤ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። 7 እና 8 ሲደመር 15፤ መባጃ ሐመር ይባላል። መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ነነዌ በጥር፣ በጥቅምት ሲውል በየካቲት ትገባለች፤ ድምሩ ከ30 ካለፈ 30ውን ትገድፊና ወሩን አንድ ትገፊዋለሽ። ስለዚህ ነነዌ የካቲት 15። 14 ጨምሪ፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል። ትንሣኤ ከነነዌ 69 ቀን ይርቃል፤ ሚያዝያ 24።

ለመቆጣጠሪያ ይኸን ያዢ፦ ነነዌ ከጥር 17 አትቀድምም፣ ከየካቲት 21 አታልፍም። ከዚያ ከወጣብሽ አንድ ሽንብራ ተበልቷል ማለት ነው።

ስለ ነውሩ ለጠየቅሽው፣ ቁጥር ነው፤ የቆጠረ ሁሉ ይቆጥረዋል። እኔ ጉባኤ ቤት ስማር የሚያስቀጽለኝ፣ ትምህርቱን የሚያስጠናኝ፣ ልጅ ከእኔ ያነሰ ነበር።

እማማ ሞጣ፦

ልጄ፣ ቁጥሩን አላውቀውም፤ ስለ ቢላዋው ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ የመጀመሪያው በዓል ገና ነበር። ወንዶች ልጆቼ ሁለቱም ዳቦው ፊት ቆመው አንተ ቁረስ፣ አንተ ቁረስ ተባባሉ። እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ጎረቤት ሽማግሌ እንጥራ ተባለ። እኔ ያንን ዳቦ ዱቄቱን አስፈጭቼ፣ አቡክቼ፣ ጋግሬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስጠብቀው አድሬያለሁ። ተነሥቼ አማተብኩና ቆረስኩት። ያን ቀን ከጠረጴዛው የተነሣ ሰው የለም። አሁን 11 ዓመቴ ነው ስቆርስ፤ ንስሐ አባታችን ሲመጡ ግን ለእሳቸው እሰጣለሁ፣ እሱ ሥርዓት ነው።

እናትሽ ዝም ካለች ደግሞ ዝምታዋን ዝም ብለሽ አትለፊው። እንደገና ጠይቂያት፤ «ላድርገው ወይ» ሳይሆን «አንቺ ምን ታስታውሻለሽ» በያት።

ዓርብ ከዋለ ደግሞ ጾም ነው፤ ከበዓለ ሃምሳ ሌላ ገናና ጥምቀት ብቻ ናቸው ዓርብና ረቡዕን የሚሽሩት። ዶሮው ለቅዳሜ ይደር። ዳቦውን ግን በዘይት እንኳ ሳትነኪው በኮባ ጋግሪው፣ ያምራል።

የቡሬው፦

እኛ ቤት ሽንብራ የለም። አያቴ የሚጠይቀን «ማን ወጣ፣ ማን ገባ?» ብቻ ነው። ማርቆስ ወጣ፣ ሉቃስ ገባ ብሎ ቀድሞ የመለሰ ልጅ የዳቦውን የመጀመሪያ ቁራሽ ይወስዳል። ታናሽ እኅቴ አራቱን በጣቷ እየቆጠረች ሁልጊዜ ትቀድመኝ ነበር። የእናንተ ቤት ከባድ ነው፤ ዘንድሮ ግን እሞክረዋለሁ።

የቢቸናዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለሁላችሁም። ትናንት ማታ ከልጆቼ ጋር ሞከርነው። ሰፌድ ስለሌለኝ በትሪ ላይ አደረግነው፤ ፍሬው እየተንሸራተተ አስቸገረን፣ ከሥሩ ፎጣ አነጠፍንለት። ልጄ ስምንቱን ሠላሳ አወጣ፣ ታናሽዬዋ ሰባቱን ጨበጠች። አበቅቴውን ስንደምር 30 ሲመጣ ትንሽ ከክፍሉ ወጥቼ ተመለስኩ።

እማማ ሞጣ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። እናቴን በስልክ አገኘኋትና ድምፁን ከፍ አድርጌ ትሪው አጠገብ አስቀመጥኩት። «እማዬ፣ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ሆነልን፣ አንቺ ምን ታስታውሻለሽ?» አልኳት። የቅዳሜን ተውሳክ ከዚህ ላይ ላነብ ስል ከወዲያ ማዶ «ቅዳሜ ስምንት» አለች። ዝም አልኩ። «እሑድ ሰባት፣ ሰኞ ስድስት፣ ማክሰኞ አምስት» እያለች እስከ ዓርብ ወረደች። ከዚያ እኔ ሳልደምር «የካቲት 15 ትገባለቻ፣ ነነዌ» አለችኝ።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«ማን ያስተምረኛል? እናንተ ስትቆጥሩ እኔ ቡና ስቆላ አልነበርኩም?»

እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ጀርባዋን ነው የማስታውሰው፤ ምድጃው ላይ አጎንብሳ፣ ጭሱ ፊቷን እየሸፈነው። ከእኛ ጋር እየቆጠረች እንደነበር አንዳችንም አላወቅንም። አባቴም ያወቀ አይመስለኝም፤ ወይም ያውቅ ነበር።

ለእንቁጣጣሽ ቢቸና እንሄዳለን። ሽንብራ ላምጣ ወይ ስላት «አታምጪ፣ የእሱ ከጣሳው ውስጥ አለ፣ አልነካሁትም» አለችኝ። ሰፌዱን እሷ ታወርዳለች። ቢላዋውን ማን እንደሚይዝ ገና አልተነጋገርንም።