ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ በጎማ ተንሳፍፎ መውረድ ይቻላል?

ከደብረ ማርቆስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ነን፤ ሁለታችን ዋና አንችልም። ጥር ላይ ከባሕር ዳሩ የዓባይ ድልድይ ተነሥተን፣ በጭነት መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ እየተንሳፈፍን ጢስ ዓባይ ድረስ ለመውረድ አስበናል። በመኪና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ቀን ያልቃል ብለናል። ምን እንያዝ?

ከባሕር ዳር፦
ወንድሜ፣ ይህን መንገድ ተዉት። ከጣና ሐይቅ መውጫ ጀምሮ ጉማሬ አለ። ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፤ ከላይ የምታዩት ጆሮና አፍንጫውን ብቻ ነው። ጀልባ ላይ ያለ ሰው ቀዝፎ ይርቃል፤ ጎማ ላይ የተቀመጠ ግን ውኃው ወደወሰደው ይሄዳል። የወንዙ መጠንም ከሐይቁ መውጫ ላይ ካለው ከጨረጨራ ግድብ እንደሚለቀቀው ውኃ ይለዋወጣል። ወደ ታች ድንጋያማ ነው፣ መጨረሻው ደግሞ ከ40 ሜትር በላይ ገደል።

በጎማው ፋንታ ሐይቁ ዳር በደንገል ታንኳ ቅዘፉ። ጠዋት 2 ሰዓት ወጥታችሁ 5 ሰዓት ላይ ተመለሱ፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሣል። ሳትሳፈሩ ደንገሉን በእጃችሁ ጫን በሉት፤ ውኃ ካንጠፈጠፈ ጠግቧልና ሌላ ይምጣ። በአንድ ታንኳ ከባለቤቱ ጋር አንድ ሰው ይበቃል። ጉማሬ ካያችሁ በእሱና በጥልቁ ውኃ መካከል አትግቡ። አፉን ሲከፍት እያዛጋ አይደለም፣ እያስፈራራ ነው።

ላይፍ ጃኬት ለስድስታችሁም ይኑር፣ ዋና ለሚችሉትም። አስራችሁ ትከሻው ላይ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጆሮ ከደረሰ ሰፍቷል፣ ውኃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል።

ከእንጅባራ፦
መዋኘት ከሆነ የፈለጋችሁት፣ እዚህ ያለው ዘንገና ሐይቅ ወራጅ ውኃ የለበትም። ግን ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ እስከ 166 ሜትር ይደርሳል፣ ከዳሩም ብዙ ሳይርቅ እግር መሬት ያጣል። ዋና የማይችሉት አይግቡ። ከፍታው 2500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃው ይቀዘቅዛል፤ ዘሎ የገባ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሹ ይቆራረጥና ውኃ ይጠጣል። ቀስ ብላችሁ፣ ፊትና አንገታችሁን እያራሳችሁ ግቡ።

20 ሜትር ገመድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ላይ እሰሩ፤ ጀሪካኑ ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጨምሩና ክዳኑን አጥብቁ። ባዶውን ከወረወራችሁት ነፋስ ይመልሰዋል። አንድ ሰው ገመዱን ይዞ ዳር ይቁም፣ ስልክ አይነካ። ጎማ ከያዛችሁም ሰውነታችሁን ከእሱ ጋር በፍጹም አትሰሩ፤ ከተገለበጠ ይዟችሁ ይቀራል። የሚነፋበትን ብረት በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ጎን ይቧጭራል።

ከደብረ ማርቆስ፦
እግዜር ይስጥልን፣ ጎማውን ትተናል። ጣና ዳር ለጥቂት ደቂቃ ብንገባና ቶሎ ብንደርቅስ?

ከቡሬ፦
ጣና ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለበት። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ይበሳል፤ በፎጣ መድረቅ ዋስትና አይሆንም። በተለይ ቄጠማ ባለበት ዳር፣ እኩለ ቀን ላይ እግር እንኳ አታስገቡ። ከነካችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ጤና ጣቢያ ተመርመሩ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ያደገውን ትል እንጂ ለጋውን በደንብ ስለማይገድል በማግስቱ መዋጥ አይጠቅምም።